ኮባ የዳቦ ነው

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ የአሥራ አንድ ወር ልጇን ታቅፋ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ መጣች። ልጁ ያደገው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሴራሚክ ወለል ነው። ግቢዬ ሣር ላይ ልታስቀምጠው ዝቅ ስታደርገው ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፤ የጋለ ብረት ላይ ሊያስቀምጡት ይመስል። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ሰበሰበ፣ ከዚያ እሪታውን ለቀቀው። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እናቱ ስልኳን አውጥታ «ሣር የሚፈራ ሕፃን» ብላ መጠየቅ ጀመረች። «አባባ፣ ዕድሜ ልክዎን አስተማሪ አልነበሩም እንዴ? ምነው ዝም አሉ?» አለችኝ።

በማላውቀው ነገር ላይ ሰፊ ንግግር ማድረግ የምወድ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን አፌ ተያዘ። ምክንያቱ ሸምሱ ነበር። ሸምሱ ከቤቴ ፊት ለፊት የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሃምሳን የዘለለ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ጎረቤቴ ነው። እንግዶቼን ሊጠይቅ መጥቶ ተቀምጧል። ልጁን አየት አደረገና ቢላ አንሥቶ ወደ ጓሮ ዞረ። ምን ቆርጦ እንደሚመለስ ወዲያው ገባኝ። ተመልሶ ሲመጣ ስለ እኔ ምን እንደሚልም ገባኝ፤ ጢም ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሲለው የኖረውን ነው።

ሸምሱን የማውቀው የዚህን ሕፃን ያህል ሳለ ነው።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ከጎጃም እስከ ቡታጅራ ስመደብ አንድ ኮት፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ ወፍራም ደብተርና ልክ የሌለው ዕውቀት ይዤ ነበር። ከአራቱ ዛሬ አንዱም የለም። ቀድሞ ያለቀው ዕውቀቱ ነው።

ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ከድር የሚባል በርበሬ ነጋዴ ሲሆን ጭነቱን ይዞ አዲስ አበባ ከሄደ ሳምንት ሁለት ሳምንት አይመለስም። ቤቱን የምትይዘው ሚስቱ ዘይነባ ነበረች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን። ከግቢው ፊት ከብት የሚያልፍበት ሰፊ ሣር አለ። ከጓሮው እንሰት ነው፤ ቅጠሉ ነፋስ ሲነካው ዝናብ የመጣ ይመስላል፤ ስንት ጊዜ የታጠበ ሸሚዜን ላስገባ እየሮጥኩ ወጥቼ ተስቆብኛል። ዘይነባ ቆጮ በጎመን በሳህን ትልክልኛለች። መጀመሪያ ስቀምሰው ፊቴ ምን እንደመሰለ ለጎረቤት ሁሉ እያስመሰለች አሳይታለች።

ይቺ ሳቂታ ሴት ግን ሦስት ልጆች ቀብራለች። ሦስቱም መዳህ ሲጀምሩ ነው የታመሙት። አራተኛው ሸምሱ ሲወለድ «ሦስቱን አፈር በላብኝ፤ ይኼን አላስነካውም» አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ልጁ ዓመት ከሁለት ወር እስኪሆነው መሬት ነክቶ አያውቅም። ወይ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ወይ መደቡ ላይ። ሰው ሣር ላይ ሊያስቀምጠው ዝቅ ሲያደርገው እግሩን ወደ ላይ ይሰበስባል፣ ያለቅሳል፤ ልቅሶው መሐል ላይ ይቋረጥና ትንፋሹ ይጠፋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ውኃ ሲረጩበት ነው የሚመለሰው።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ አገሩ ሁሉ በሚያስነጥስበት ሰሞን፣ ዘይነባን ሆዷን ያማት ጀመር። በቀኝ በኩል ነው። ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፣ ማታ ማታ ያተኩሳታል። የክሊኒኩ ድሬሰር ዳበሳትና «ውስጡ የያዘ ነገር አለ። ሐኪም ቤት ሄደሽ መቀደድ አለብሽ። ዛሬ ነገ አትበይ» አላት።

ከድር አዲስ አበባ ነው፤ ልጁን ለማን ትታ ትሂድ? የባሏ እናት እማማ ሩቂያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ርቀው ይኖራሉ። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንሰት ሲፍቁ ወገባቸው ተቆልምሞ ቀርቷል። «መሬት ላይ የሚቀመጥ ልጅ ከሆነ እይዘዋለሁ። ማዘል ግን አልችልም፤ ይዤው እወድቃለሁ» አሉ። ጎረቤቶቹ ደግሞ፣ ያቺ ቤት ልጅ አይበረክትባትም ስለሚባል፣ እጃቸው ላይ እንዳይሞት ፈሩ። ማንም አፍ አውጥቶ «አልወስድም» አላለም፤ ሁሉም ግን የራሱ ልጅ አሞበት ነበር።

«መሬት ሳይለምድ ጥዬው አልሄድም» አለች ዘይነባ። «ከኋላዬ ትንፋሹ ቢጠፋ ማን ውኃ ይረጭበታል?»

በዚህ ጊዜ ነው እኔ ኮቴን አስተካክዬ ብቅ ያልኩት።

«ለእኔ ተይው። በሦስት ቀን አስለምደዋለሁ።»

«እውነት መምህር?»

«ደብተሬ ውስጥ አለ» አልኳት። አለም ነበር፤ በራሴ እጅ የጻፍኩት። ሕፃን የሚፈራውን ነገር ካልሸሸጉበት ይላመደዋል ይላል። መምህራችን ይኼን ሲናገር ልጅ አሳድጎ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እኔ ራሴ ከበግ ግልገል በቀር ያሳደግኩት ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያውን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጁን ወስጄ እርጥበት ያልተለየው ሰርዶ ላይ ራቁት ቂጡን አስቀመጥኩት። ትንፋሹ ጠፋ። ውኃ ረጨንበት። በማግስቱ አሸዋ ላይ ሞከርኩት። ጠፋ፤ ረጨን። ዘይነባ በሩ ላይ ተደግፋ ጎኗን ይዛ ታያለች። ፊቷ እንደ አመድ ነው፤ ግን አልከለከለችኝም። አስተማሪ ነኛ።

ያ ሁለተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። እማማ ሩቂያ አይብ ሸጠው ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ገብተው ቆሙ። አማርኛቸው አጭር ነው፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ይናገራሉ።

«ልጄ፣ በኮባ አስቀምጠው» አሉኝ።

በእኛ አገር ኮባ የሚታወቀው በዳቦ ነው። ሊጡን ጠቅልለንበት እንጋግራለን። ለሌላ ለምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈለግኩም። የተመለከተኝን ሰው ብዛት ቆጥሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«እማማ፣ በአገሬ ኮባ የዳቦ ነው። ይኼ ልጅ ነው፤ ልጋግረው?» አልኩ።

ግቢው በሳቅ አለቀ። ጎረቤቶቹ ሳቁ፣ ደጅ የቆመ ለማኝ ሳቀ፣ ዘይነባ እንኳን ጎኗን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። እማማ ሩቂያ አልሳቁም። ባዶ ቅላቸውን አንሥተው ወጡ። ቀልዱ በከተማው ዞረ፤ በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ራሱ መልሶ ነገረኝ። በሕይወቴ ብዙ ቀልድ ቀልጃለሁ፣ አብዛኛው ወድቋል። የዚያን ያህል የተሳካልኝ የለም።

ሰባት ቀን በደብተሬ ሄድኩ። ልጁ ከሣሩ አልፎ እኔን መፍራት ጀመረ፤ ድምፄን ሲሰማ እናቱ አንገት ውስጥ ይገባል። ዘይነባ ቆማ መሄድ አቃታት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እማማ ሩቂያ መጡ። ጓሮ ገብተው ከእንሰቱ የሰው ቁመት የሚያህል ቅጠል ቆረጡ፣ እንዲለሰልስ እሳት ላይ አለፍ አለፍ አደረጉት፣ ሣሩ ላይ ዘረጉት።

«አንተ አስቀምጠው» አሉኝ። «እኔ ልጅ ይዤ አልጎነበስም። ያንተ ጉልበት አዲስ ነው።»

አስቀመጥኩት። እግሩን ሰበሰበ፣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ቂጡ ቅጠሉን ሲነካ ዝም አለ። በመዳፉ ዳሰሰው። ትንሽ ቆይቶ ወፍራሙን የቅጠሉን ጅማት በሁለት እጁ ያዘና ተመቻቸ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከተወለደ ጀምሮ መደቡ ላይ የሚተኛው ኮባ ላይ ነው፤ እናቱ ጠዋት ጠዋት እየወለወለች፣ ሲደርቅ እየቀየረች የምታነጥፍለት። በዓለም ላይ ከእናቱ ጀርባ ሌላ የሚያውቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ዓመት ሙሉ እዚያው ግቢ ኖሬ፣ በተከፈተው በር በየቀኑ እያየሁት፣ አላየሁትም።

በማግስቱ እማማ ሩቂያ ቅጠሉን እንድተረትረው ነገሩኝ። የእንሰት ቅጠል ደግሞ እንደ ጥብጣብ ነው የሚተረተረው። በየቀኑ ስንጥቁን ሰፋ አደረግኩት፤ ሣሩ በመሐል ብቅ ብቅ አለ። በሦስተኛው ቀን ልጁ አንድ ጣቱን በስንጥቁ ውስጥ ሰድዶ ሰርዶውን ነካ፣ እጁን ነጠቀ፣ እንደገና ነካ። በአራተኛው ቀን ነቀለው። በአምስተኛው ቀን ከቅጠሉ የቀረው አንድ የደረቀ ቁራጭ ነበር፤ እሱም ከበስተኋላው ተረስቶ፣ ልጁ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ዶሮ ይጠራ ነበር።

ዘይነባን ወደ በሩ አውጥተን አሳየናት።

«በቃ፤ አሁን ልሂድ» አለች።

አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አዲስ አበባው መኪና መንገድ ሲያወጧት እጇን ዘርግታ የኮቴን ጫፍ ያዘች። «መምህር፣ አላህ ይክፈልህ። ያላንተ ማን ያስለምድልኝ ነበር?» አለችኝ። እኔም «ምንም አይደል» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት።

በሦስተኛው ቀን ከድር አስከሬኗን ከሐኪም ቤት በበርበሬ መኪና ይዞ ተመለሰ። ሐኪሙ ምን እንዳለው ደጋግሞ ይናገራል፤ ለመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ይናገራል። «አንድ ሳምንት ቀደም ብላ ብትመጣ አለኝ። አንድ ሳምንት ብቻ።» ያ አንድ ሳምንት ከየትኛው ገበያ እስከ የትኛው ገበያ እንደሆነ ከግቢው ውስጥ የምናውቀው እማማ ሩቂያና እኔ ነበርን።

የዚያኑ ዕለት ተቀበረች። ከወንዶቹ ጋር ወጣሁ፤ ሃይማኖቴ ሌላ ቢሆንም አካፋ ሲሰጡኝ ተቀብያለሁ። ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ጫማችን ላይ ተለጠፈ። ተመልሰን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ሸምሱ ከአያቱ ሥር ተነሥቶ በሰው መሐል እየዳኸ መጣ። ማንንም ምንንም አልፈራም። ጫማዬ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከተረከዜ ላይ ያንን እርጥብ አፈር በጥፍሩ ፈለቀቀና አፉ ውስጥ ከተተው።

እማማ ሩቂያ በዚያ ወገባቸው ቀድመውኝ ደረሱ። በሌባ ጣታቸው አፈሩን ከአፉ ጠርገው አወጡት፣ ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ፣ እኔን አዩኝ።

«ለመደ» አሉ።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖረዋል። ስለ ዳቦው አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ባለፈው እሑድ ሸምሱ ከጓሮ ተመለሰ። ኮባውን ከሰል ላይ አለፍ አለፍ አድርጎ ዘረጋውና የልጅ ልጄን ልጅ አስቀመጠበት። ይኼኛው ኮባ አይቶ ስለማያውቅ አለቀሰ፤ ሸምሱም አብሮት ቅጠሉ ላይ ተቀመጠና ሆዱ ላይ አስደገፈው። ቆይቶ ዝም አለ። እንግዶቼ አጨበጨቡ።

«ለእኔ አታጨብጭቡ፤ ይኼ የጋሼ ዘዴ ነው» አለ ሸምሱ። «እኔን ሣር ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ እሳቸውን መርቃ ነው የሄደችው።» በየዓረፋው፣ ሥጋችን እንደማይገናኝ ስለሚያውቅ፣ ማር የሚያመጣልኝ ለዚሁ ነው። ማሩን እበላለሁ። ጥርስ ስለማይፈልግ ለሆዳም ሽማግሌ ጥሩ ነው።

«አያትህ ናቸው፤ እኔ ጉልበቴን ነው ያዋጣሁት» አልኩት። በዚህ ሁሉ ዓመት ይኼን ያህል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ጋሼ ትሕትና ያበዛሉ» አለና ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። በእኔ አነጋገር ሰው መሳቁን ለምዷል።

ግማሹን ነገርኩት ማለት ነው። ሌላው ግማሽ ይኸው፣ እዚህ ተጽፏል። ሸምሱ ማንበብ አይወድም፤ ሴት ልጁ ግን ያገኘችውን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ሱቁ ከደጄ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በረንዳዬ ላይ ነኝ፤ በሬን አልዘጋሁም።