ቢጫው ሰደርያና አረንጓዴው ብስክሌት

ይህን ነገር ሰው እየሳቀ ሲያወራው ስሰማ ደሜ ይፈላል። "ሐበሻው ከብስክሌት ሸሽቶ ተያዘ" ይላሉ። አረቡም ይላል፣ የኛም ሰው ይላል። ብስክሌቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የሸሸው ደግሞ አብሮ አደጌ፣ ወሎ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ልጅ ነው። እስኪ ከመጀመሪያው ልናገርና የሚያስቀውን ቦታ ካገኛችሁት ሳቁ።

እኔ ከጂዛን ወደ ላይ፣ አል-ዓሪዳ በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ከየመን ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ እርሻ ላይ እሠራለሁ። ማሽላ አለ፣ ጥቂት ማንጎ አለ፣ ከብት አለ። የመጣሁት በቪዛ፣ በአውሮፕላን ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ከኪሴ አይለይም። አብሮ አደጌ ግን በእግሩና በጀልባ ነው የመጣው፤ ወረቀት የሚባል ነገር የለውም። ከእኔ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ተራራ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፍየሎች ይጠብቅ ነበር። ከተራራው አይወርድም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፍየል፣ ከግራርና ከእኔ በቀር ያየው ነገር የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ብስክሌቱን የሰጠኝ ከፊሌ ነው፤ አሠሪዬን ማለቴ ነው። ልጁ መኪና ሲገዛለት ብስክሌቱ መጋዘን ውስጥ፣ ከመኖ ከረጢት ስር ቀረ። ጎማው ተሰነጣጥቆ፣ ሰንሰለቱ ዝጎ ነበር። ሁለት ጁምዓ ስታገለው ከርሜ አስነሳሁት። ከፊሌ ሲያየኝ ደስ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አርባ ዓመት የሞላኝን ሰውዬ "ያ ወለድ" እያለ እንደ ሕፃን መጥራቱን ነው የማልወድለት። ውሰደው አለኝ፤ ግን አንድ ነገር አዘዘኝ። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን፣ ብርሃን ሲያገኝ የሚያብረቀርቀውን ቢጫ ሰደርያ ሳልደርብ ከግቢ እንዳልወጣ። መኪና ቢገጭህ የሚጠየቀው እኔ ነኝ አለ። ለእኔ አዝኖ ይሁን ለራሱ ፈርቶ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጁምዓ የእኔ ሆነ። ቅዝቃዜው ባለባቸው ወራት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነስቼ በአቡ ዓሪሽ በኩል ቁልቁል ወደ ባሕሩ እወርድ ነበር። የማሽላው ማሳ ያልቅና አሸዋው ይጀምራል፤ ከዚያ የጨው ሽታ ይመጣል። ጂዛን ስደርስ የዓሣ ጀልባዎቹ ታስረው ይጠብቁኛል። ወደ ፋራሳን ደሴቶች የሚሄደው መርከብ ሰውና መኪና ጭኖ ሲንቀሳቀስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ማየት ብቻ። በሕይወቴ ለማየት ብዬ የሄድኩበት መንገድ ያ የመጀመሪያው ነው።

ይህን ግን ማን ይመን! ያስቆመኝ ሁሉ "ማን ላከህ?" ነው የሚለኝ። ነዳጅ ማደያው ላይ ማን ላከህ። ፍተሻው ላይ ማን ላከህ፣ ምን ይዘሃል፣ ለማን ታደርሳለህ። ለማየት ነው ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንድ ጊዜ ብስክሌቱን በፒካፕ አስጭኜ ወደ ፈይፋ ወጣሁ። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሰማይ ጥግ ይደርሳል፤ እርከኑ ላይ ቡና ተተክሏል፤ ልክ የኛ አገር ገደል ነው የመሰለኝ። ቡናውን የሚለቅሙት አዛውንት ውኃ አጠጡኝ፣ አላህ ይስጣቸው፣ ከዚያም ሥራ የለህም ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው በሰባተኛው ቀን ተራራ ቢያይ ምን ያስገርማል?

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ባሕሩ ዳር ሁለት ፈረንጆች አየሁ፤ ባልና ሚስት ይመስላሉ። የራስ ቁር ደፍተው፣ ብስክሌታቸው ላይ ሻንጣ ጭነው፣ በዚያው እኔ በመጣሁበት መንገድ መጥተዋል። ሰው ከመኪናው እየወረደ ተምር ይሰጣቸዋል፣ ፎቶ አብሯቸው ይነሳል። ማን ላካችሁ ያላቸው የለም። ለተምሩ አይደለም የተናደድኩት። እነሱ መንገደኛ ተባሉ፣ እኔ ተላላኪ።

ማታ ማታ ያየሁትን ሁሉ ለአብሮ አደጌ በስልክ እነግረዋለሁ። እኔ በጎማ ስዞር እሱ በጆሮው ይዞር ነበር። ስለ ባሕሩ ስነግረው ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሰማያዊ ነው አልኩት። እሱ ሲሻገር ጀልባው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ በጨለማ ነበርና ጥቁር ነው የማውቀው አለኝ። ከዚያ ስለ ብስክሌቱ ይጠይቀኛል፤ አንድ ቀን አምጥተህ ታሳየኛለህ ይለኛል። አሳይሃለሁ እለዋለሁ።

በዚያው ሰሞን አገር ቤት ያለች ልጁ ልትዳር ሆነ። ረመዳን እንዳለፈ ሽማግሌው አሠሪው ራሳቸው በመኪና ወስደውት እጁን ለፖሊስ ሊሰጥ፣ ከእነ ዕቃው ወደ አገር ቤት ሊሳፈር ተስማምተው ነበር። ዕቃውን የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ አቡ ዓሪሽ ወርጄ፣ ፎቶ እያነሳሁ እየላክሁለት፣ እሱ ተራራው ላይ ሆኖ እየመረጠ። ለልጁ ቀሚስ፣ ለእናቷ ሻርፕ፣ ለራሱ ጥቁር የቆዳ ጫማ። ጫማዋን አንድ ቀን አላደረጋትም። በእግሬ ወጥቼ በእግሬ አልገባም ይል ነበር፤ ሰፈር የምገባው ሰው መስዬ፣ ይቺን ጫማ አድርጌ ነው። አቧራ እንዳይነካት ብሎ ጥቅሉን እኔ ዘንድ አስቀመጠው።

አሁን ስለ ጥሪያችን ልናገር። አገራችን ሰው ቤት ስትደርስ ከአጥር ውጭ ቆመህ "ቤቶች!" ትላለህ። እኛም እዚያ ተራራ ላይ ቤት በሌለበት "ቤቶች!" እንባባል ነበር። በቀልድ ነው የተጀመረው፤ በኋላ ግን ሕግ ሆነ። ከታች ደረቁ ወንዝ ጋ ስደርስ ቆሜ "ቤቶች!" እላለሁ፤ እሱ ከግራሩ ስር "አቤት! ግባ!" ይላል፤ በር እንዳለው ሁሉ። በዚያ አካባቢ ወረቀት የሌላቸው እረኞች ሁሉ ይህንኑ ያደርጋሉ። ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ሰው የኛ ሰው አይደለም። ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው።

እኔ ግን ላስደንቀው ፈለግሁ። ከረመዳን በፊት በነበረው ጁምዓ፣ ጠዋት፣ እንደ ወትሮው በወንዙ በኩል በእግር መውጣቱን ትቼ በጀርባ በኩል ባለው የመኪና ዱካ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተራራው አናት ደረስኩ። ወደ ግራሩ ቁልቁለት ነው። ከፊሌ እንዳዘዘኝ ቢጫዋን ሰደርያ ለብሻለሁ። እንኳን ልጣራ፣ ደወሉን እንኳ አልነካሁትም። አጠገቡ ደርሼ ፍሬን ይዤ ልስቅ ነው ሐሳቤ። የአርባ ዓመት ሰውዬ!

ሦስት ዓመት ድምፅ ሳይሰማ የሚመጣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ምን እንደሚያይ አላሰብኩም። ብድግ አለ። አንድ ጊዜ ዞሮ ወደ እኔ አየ። ፍየሎቹን ትቶ በዚያኛው ቁልቁለት ተወረወረ። ያን ጊዜ ፍሬኑን ስይዝ ድንጋይ አንሸራትቶ ጣለኝ፤ ከወደቅሁበት ሆኜ ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ። ደጋግሜ ጠራሁት። አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ተነስቼ ተከተልኩት፤ መከተሌም ሌላ ጥፋት ሆነ። ታች አስፋልቱ ላይ የድንበር ቃኚው መኪና በዚያች ሰዓት ሲያልፍ፣ እሱም ከቁጥቋጦው ሲወጣ አንድ ሆነ። ወታደሮቹ እንኳ አልሮጡም። በር ከፍተው ጠበቁት። ገደሉ ላይ የቀረች አንድ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አገኘሁ፤ የግራ እግሩ ነች።

ማታ ሽማግሌው ለከፊሌ ደውለው ነገሩት። የተጨነቁት ፍየሎቹን ማን ይጠብቃቸዋል ብለው ነው። ከፊሌ የኔን ድርሻ ከነገርኩት በኋላ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "ከብስክሌት? ወላሂ ከብስክሌት ነው የሸሸው?" ይለኛል። አዎ ከብስክሌት። ሰው ከብስክሌት የሚሸሸው መቼ እንደሆነ ለምን አትጠይቅም? ይህን ግን ከአፌ አላወጣሁትም። ሰደርያውን አውልቄ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። እሱም ነገሩን ለጎረቤት አወራ፤ ጎረቤቱ ለአገሩ ሁሉ።

በማግስቱ ፈቃድ ለምኜ ጥቅሉን ከብስክሌቱ ኋላ አስሬ ወደ ጂዛን ወረድኩ፤ አስፋልት ነውና ሰደርያውን መልሼ ለበስኩት። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ቢያንስ ጫማውን አድርጎ ይሂድ። ሰው የሚሰበሰብበት፣ ከአገር የሚባረሩት የሚቆዩበት ግቢ በር ላይ ደረስኩ። ስሙን ስነግረው ዘበኛው ምኑ ነህ አለኝ። አብሮ አደጉ ነኝ አልኩት፤ አልገባውም። ወንድሙ አልኩት። ኢቃማዬን አየና የአባታችሁ ስም አይገጥምም አለኝ። ዕቃ የሚቀበሉት ከሥጋ ዘመድ ወይም ከአሠሪ ብቻ ነው። እሺ ስል ወደ ብስክሌቱ ዞረ። ይሄስ ያንተ ነው? ወረቀቱ የት አለ? ከማን ወሰድከው? ለብስክሌት ወረቀት ማን ያወጣል፣ አንተ ሰውዬ! ይህንንም በሆዴ ነው ያልኩት።

ከግንቡ ወዲያ የኛ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፤ እስላም ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ። አንዱ ሰው ውኃ እያለ ይጣራል። ከነዚያ መሃል እሱ አለ። ግንቡ ስር ቆሜ "ቤቶች!" ልል አፌን ከፈትኩ። አንድ ቃል ናት። ብላት ማን እንደመጣ ያውቃል፤ ተራራውም ላይ ማን እንደነበረ ምናልባት ይገባው ነበር። ዘበኛው ግን ኢቃማዬን ገና አልመለሰልኝም። አፌን ዘጋሁ። ወረቀቴን ተቀብዬ ጥቅሌን አስሬ ተመለስኩ። በዘበኛውም በከፊሌም ተናድጃለሁ፤ ለዚህች አፍ መዝጋት ግን ለራሴ ይቅርታ የለኝም።

ሽማግሌውን ለምኜ እሳቸው ጥቅሉን ይዘው ሲሄዱ፣ የአብሮ አደጌ ቡድን ወደ አገር ቤት ተሳፍሯል ተባሉ።

ጥቅሉን ወደ አገር ከሚገባ የአቡ ዓሪሽ ልብስ ሰፊ ጋር ላክሁት። ሲደርስ ሠርጉ አልፏል። አብሮ አደጌ ራሱ የደወለልኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ዕቃው ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥህ ሊለኝ። ሰፈር የገባው በባዶ እግሩ ነው። ሠርጉ ላይ የቆመው በአማቹ ጫማ ነው፤ ጠብቦት ጣቱን ልጦታል። ከዚያ እንዴት እንደተያዘ ይነግረኝ ጀመር። ፖሊሶቹ በተራራው ጀርባ መጡ፣ ቢጫ ለብሰው፣ ብዙ ነበሩ አለ።

"ስሜን ይዘው መጥተዋል" አለኝ። "ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። በቃ ተጠቁሜያለሁ አልኩ። ኸላስ፣ እግሬ አውጪኝ።"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ከተራራው የወረድኩት። ስምህን የጠራሁት። ብስክሌቱን ላሳይህ ነበር።"

 በስልኩ ውስጥ በግ ሲጮህ፣ ሴቶች ሲያወሩ ይሰማኛል። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ፤ እንዲሰድበኝ ፈለግሁ። እንደዚያን ቀን ስድብ አምሮኝ አያውቅም።

"ስም ማንም ያውቃል" አለኝ ቀስ ብሎ። "ቤቶች ብትል ምን ነበረበት?"

 መልስ አልጠበቀም። ከልቡ ሊያውቅ እንደፈለገ በሚያስታውቅ ድምፅ ጠየቀኝ።

"ቢጫውን እንጂ ብስክሌቱን እኮ አላየሁትም። ምን ዓይነት ነው?"

አረንጓዴ ነው አልኩት።