ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ግንቡ በአርባ ሦስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ የያዘ ቀን ሦስት ሰበረ። እጁ ነዋ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሲሚንቶ ከረጢት ያነሳ እጅ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ ከየት ይወቅ? «ቀስ በል አንተ ሰው፣ አንገቱን አነቅከው እኮ!» አሉት አስተማሪዋ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ግንቡ አልሳቀም። አራተኛውን እርሳስ ተቀበለና ጥርሱን ነክሶ «ሀ»ን ጻፈ። ወረቀቱ ተቀደደ።

ግንቡ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ የሲሚንቶ መጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ናቸው እንዲያ ያሉት። በር ላይ ከቆመ ብርሃን አይገባም። በጉርምስናው እጁ አያርፍም ነበር፤ ለአንድ ክፉ ቃል አንድ ጥርስ ያወልቃል። የግራ ጆሮው ጫፍ የለችም፣ ተነክሳ ነው የሄደችው፤ የነከሰው ሰውዬም እስከ ዛሬ በቀኝ እጁ ማንኪያ አያነሳም ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፣ ያየ የለም። ዕድሜ ሲገፋ ግን ረጋ አለ። ሰው ሲበደል ቢያይ «ዝም አይነቅዝም» ይልና ከረጢቱን ተሸክሞ መንገዱን ይሄዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዝምታ እንደሚነቅዝ ያወቀው በጣም ዘግይቶ ነው።

የጎልማሶቹ ትምህርት የሚሰጠው ከመጋዘኑ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ቀድሞ ክሊኒክ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ «መርፌ ለመወጋት በዚህ በኩል» የሚለው ጽሑፍ ገና አልጠፋም። ልብስ አጣቢዋ፣ ዘበኛው፣ ሁለቱ እህትማማች ሹራብ ሠሪዎች፣ ሁሉም ከሥራ መልስ በአሥር ሰዓት ይመጣሉ። አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል። ፊደል ብቻ አይደለም የሚያስተምሩት፤ ሥራ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቀጣሪ ፊት ምን እንደሚባልም ያሳያሉ። ትምህርቱን ለጨረሰ የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል። ግንቡ የቋመጠው ለመጋዘኑ መዝጋቢነት ነበር። መዝጋቢ በር ላይ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል፣ የገባውንና የወጣውን ይጽፋል፣ ወገቡ አይቆረጥም። ለዚህች ወንበር ግን ከደብዳቤው ሌላ የፎርማኑ ቃል ያስፈልጋል።

ፎርማኑን «ቺንጋ» ይሉታል። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የጎማ ቺንጋ እጁ ላይ ጠቅልሎ ይውላል። ከረጢት ለቀደደ አንድ፣ ለዘገየ ሁለት፤ ቀና ብሎ ላየው ደግሞ እጁ እስኪደክመው። ግንቡን አይነካውም፤ ቺንጋም ቢሆን ማንን መፍራት እንዳለበት አያጣውም። የሚበረታው እዚያው በሚሠራው በግንቡ ታናሽ ወንድም ላይ ነው።

ታናሹ የግንቡ የእናቱ ልጅ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኑን የማይሰብር። ሲመታ አይጮኽም፣ አይለማመጥም፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። ቺንጋው ትከሻው ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሲሚንቶው አቧራ ቡን ይላል፣ ከዚያ ሸሚዙ ይቀደዳል፣ ከዚያ ቆዳው። ግንቡ ታዲያ ሁለት ከረጢት ደርቦ በአጠገባቸው ያልፋል። ያልፋል! ያ ጥርስ አውላቂ ሰውዬ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የማያውቀው ሰው የሚደበደብ ይመስል ያልፋል። ቤት ሲገቡ የወንድሙን ጀርባ በሞቀ ውኃ ያጥብለታል፤ ሲሚንቶ ቁስል ውስጥ ሲገባ ያንገበግባል። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እገድለዋለሁ» ይላል ታናሹ። «ዝም በል፣ ዞር በል፣ ይኼን ጎን ልጠብልህ» ይላል ግንቡ። ሰባት ወር እንዲህ ሆነ።

አንድ ዓርብ እትዬ «ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጻፉ። የእውነት የቸገራችሁን ጻፉ፣ የውሸት አልፈልግም» ብለው አዘዙ። ግንቡ ሁለት ሳምንት ለፋ። በመጨረሻ እንዲህ የሚል ወጣው፦ «ለሠራተኞች ጉዳይ ክፍል። ወንድሜ በሥራ ቦታ በየቀኑ ይመታል። እባካችሁ አስቁሙት። ሰው ይሞታል።» ከሥሩ ስሙን ጻፈና ፈረመ። አውራ ጣቱን ቀለም ሳይነክር የፈረመበት የመጀመሪያው ወረቀት ነበር፤ ደስታው አያድርስ። ለእትዬ ግን አላሳያቸውም። ወንድሙን ማን እንደሚመታው እንዳይጠይቁት ፈርቶ ነው። የፎርማኑን ስም መጀመሪያ ጽፎት ነበር፤ ኋላ መዝጋቢነቷ ትዝ ስትለው በላጲስ አጠፋው። ንጹሑን ገልብጦ በራሱ እግር ዋናው መሥሪያ ቤት አደረሰ። ተቀብለው መዝገብ ቤት ወረወሩት፤ ያነበበው ሰው አልነበረም።

ከወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ታናሹ ከጭነት መኪና ላይ ሲያወርድ ከረጢት አምልጦት ፈነዳ። ቺንጋ መጣ። የመጀመሪያው ጀርባው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው አንገቱ ላይ። ሦስተኛው ፊቱ ላይ። ታናሹ ግራ ዓይኑን ይዞ ተንበረከከ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ወርዶ ከሲሚንቶው ጋር ተቦካ። «ተነስ አንተ ውሻ! ጥረግ!» አለ ቺንጋ አራተኛውን እያነሳ። ታናሹም ተነሳ። የፈሰሰ ሲሚንቶ የሚዛቅበት አካፋ አጠገቡ ነበር። አንስቶ በሙሉ ኃይሉ መንጋጋውን አለው፤ አጥንቱ ሲሰበር እስከ ውጭው በር ተሰማ። ቺንጋ ወደቀ። ታናሹ ደገመው፣ ትከሻውን። አንገቱ ላይ ሊያሳርፍ ሦስተኛውን ሲያነሳ ግንቡ ከኋላ መጥቶ ወገቡን ጨምቆ ያዘው።

«ልቀቀኝ! እኔ ስመታ የት ነበርክ? አሁን ነው እጅ ያበቀልከው?»

ግንቡ አልለቀቀም። ፖሊሶች ሲደርሱም እንደያዘው ነበር። ወንድሙን በገዛ እጁ ይዞ ሰጠ ማለት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?

በሦስተኛው ቀን ጣቢያ ሄደ። ታናሹ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሽቦው ወዲያ ቆመ።

«ደብዳቤህን አነበቡልኝ» አለ።

«የቱን ደብዳቤ?»

«ከድርጅቱ የመጣውን። ወንድሜ ሰው ይመታል፣ አስቁሙት፣ ሰው ይሞታል ያልከውን። መርማሪው ፊርማህን እያሳየ ነው ያነበበልኝ። የገዛ ወንድምህ ድሮም ደብዳቢ ነው ብሎሃል አለኝ።»

«ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም! እኔ ያልኩት አንተ ትመታለህ… ማለቴ፣ አንተን…»

«በመዝጋቢነት ነው የሸጥከኝ?» ታናሹ ምራቁን በሽቦው መሃል ፊቱ ላይ ተፋበት። «ሂድልኝ ከዚህ!»

ግንቡ ከጣቢያው በቀጥታ ክፍል ገባ። ማንንም ሰላም አላለም። ጥቁር ሰሌዳውን በቡጢ ሲለው ከመሃል ለሁለት ተሰነጠቀ፤ እህትማማቾቹ ጮኹ። «ምን ዓይነት ፊደል ነው ያስተማሩኝ!» አለ እትዬን። «የጻፍኩት ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ!» እትዬ ከወንበራቸው አልተነሱም። «ሰሌዳውን ነገ ትሠራዋለህ። አሁን ደብተርህን አምጣ» አሉት።

ረቂቁን ደጋግመው አነበቡ። «አየህ፣» አሉ፣ «ላልቶ ሲነበብ ወንድምህ ሰው ይደበድባል። ‹መ›ን ጠበቅ፣ ‹ታ›ን ጠበቅ ስታደርጋት ደግሞ ወንድምህ ይደበደባል። አፍህ ይለያቸዋል እንጂ ፊደሉ አይለያቸውም። የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ነው።»

«ታዲያ ከዓረፍተ ነገሩ አያስታውቅም እንዴ?»

«ባለቤት የለውማ! መቺው የታለ? ያንን ብትጽፍ ኖሮ ሕፃን ልጅም አይሳሳትም ነበር።» ገጹን ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። ላጲሱ ፍቆ ያሳሳው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ ማን ነበር?»

ግንቡ ደብተሩን ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

«አሃ» አሉ እትዬ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብያችሁ አልነበር? ይኸው፣ ያንተን ጽሑፍ ወንድምህ ወረሰው።»

ለፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጋዘኑ ኃላፊ ሰው ላከበት። «ወንበሯ ያንተ ናት። ስትጠየቅ የጻፍኩትን ጽፌያለሁ በል፣ በቃ።» ግንቡ ለመልእክተኛው አንድ ቃል አልመለሰም፤ ይህች ዝምታ ግን እምቢታ መሆኗን የላኩበት ሰዎች በደንብ ተረዱ። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ውኃ ቧንቧ ጋ የቺንጋ ሁለት የእህት ልጆች ጠበቁት። አንደኛው በጣውላ ጉልበቱን መትቶ ጣለው፤ ሁለተኛው «መጻፊያህን እስቲ አሳየን» ብሎ ቀኝ እጁን በቦት ጫማው ረገጠው፣ ደጋግሞ፣ ድንጋዩ ላይ። ግንቡ በግራው የአንዱን ቁርጭምጭሚት ይዞ ባይጠመዝዘው ኖሮ እጁ ደቅቆ ይቀር ነበር። ያ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት እየጮኸ ሲነፏቀቅ ሌላው ሮጠ። የግንቡ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ነበር፤ እትዬ ራሳቸው በእርሳስ ደግፈው በፋሻ አሰሩለት።

ችሎቱ ሞላ። ቺንጋ መንጋጋው በብረት ታስሮ ከፊት ተቀምጧል፤ መናገር አይችልም፣ ዓይኑ ግን ይናገራል። ታናሹ ወደ ወንድሙ አላየም። ዐቃቤ ሕጉ ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ «ተከሳሹ በየቀኑ ሰው የሚመታ ለመሆኑ የገዛ ታላቅ ወንድሙ አስቀድሞ አስጠንቅቋል» አለ። ዳኛው ግንቡን አስጠሩት፤ ወረቀቱን ሰጥተው «ራስህ አንብበው» አሉት።

ግንቡ ደግሞ ገና ፊደል በፊደል ነው የሚያነበው! «ወ…ን…ድ…ሜ» ብሎ ጀመረ፤ ላብ አጠመቀው። «ይ…መ…ታ…ል።» አንድ በአንድ ሲለቀም ምኑ ይጠብቃል? ላልቶ ቁጭ አለ። «ይኸው፣ ከራሱ አፍ ሰማን!» አለ ዐቃቤ ሕጉ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «እንዲህ አይደለም!» ብሎ ግንቡ በግራ እጁ የምስክር መቆሚያውን ሲለው ፖሊሱ ተንደረደረ። ዳኛው ፖሊሱን በእጃቸው መለሱት።

«እንግዲያው እንዴት ነው?» አሉ። «ማንም አጣሞ ሊያነበው እንዳይችል አድርገህ መጻፍ ትችላለህ?»

«እችላለሁ ጌታዬ።»

ወረቀት ሰጡት። በእነዚያ በታሰሩ ጣቶች ሲጽፍ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ብዕሩ ሁለቴ ወደቀበት፣ ሁለቴም ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሳ። አንዴ ቀና ሲል ከቺንጋ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፈራ፣ መፍራቱን አልደብቅም። ግን ጎንበስ ብሎ ቀጠለ። ዳኛው ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡ። የፎርማኑን ስም ከነአባቱ ጠሩና፣ «ወንድሜን በቺንጋ ይመታዋል። ሰባት ወር ሙሉ እያየሁ አለፍኩ። ስሙን ጽፌ በላጲስ ያጠፋሁት የመዝጋቢነት ሥራ ፈልጌ ነው» አሉ።

«እኔንም ይመታኛል!» አለ ከኋላ አንድ አውራጅ። «እኔንም!» አለ ሌላው። ፖሊሱ ዝም አሰኛቸው፤ ነገሩ ግን ከአፍ ወጥቷል።

ዳኛው የመጀመሪያው ደብዳቤ በተከሳሹ ላይ ማስረጃ እንዳይሆን አዘዙ፤ ፎርማኑ ላይ ምርመራ ይከፈት አሉ፤ ታናሹም ክሱን በሰው ዋስ ሆኖ ይከታተል አሉ። ግንቡ ዋስ ሆኖ ፈረመ። መዝጋቢነቷ እዚያው ቀረች።

ደረጃው ላይ ተገናኙ። የታናሹ ፋሻ ተፈትቷል፤ ግራ ዓይኑ ከእንግዲህ አያይም ብለውታል ሐኪሞቹ። ግንቡ ያቺን የጠፋች ዓይን አየ። «የእናቴ ልጅ…» ብሎ እጁን ዘረጋ። ታናሹ ባለ በሌለ ኃይሉ አፉን በቡጢ አለው። ግንቡ ተንገዳግዶ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ከንፈሩ ተተረተረ። በአንድ እጁ ጠቅልሎ ሊጥለው ይችል ነበር፤ እጁን አላነሳም። «ድገመኝ» አለው። ታናሹ ደገመው። ለሦስተኛው ያነሳውን እጁን አወረደና ፊቱን የወንድሙ ደረት ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ፖሊሱ ከላይ እየሮጠ ወረደ። «ምንድነው ይኼ ሁሉ ደም? ማነው የመታህ? ተናገር እንጂ፣ ማነው?»

ግንቡ ወንድሙን በግራ ክንዱ ጥብቅ አድርጎ እንደያዘ ደሙን በፋሻው ጠረገ።

«ኧረ ማንም አልመታኝም» አለ። «ወንድሜ ነው።»