ሦስቱ ተቀባዮች

ጫጫ ኬላ ላይ ሲፈትሹን ከአውቶቡስ ያስወረደኝ ሻንጣዬ ውስጥ የተገኘ አንድ የቴፕ ክር ነው። ደብረ ብርሃን ወስደው ዘጉብኝ። ክፍሏ ድሮ የእህል ጎተራ ነበረች፤ ግድግዳዋ ጭድ የበዛበት ጭቃ። እንደገባሁ ሳልኩ። ድምፄ ተመልሶ አልመጣም። ሥራዬ የሙዚቀኞችን ድምፅ ማስተካከል ነውና ቀድሜ የማየው ይህንን ነው። ወይ ጉድ፣ የገዛ ሳሌ እንኳ አያጫውተኝም አልኩ።

በሳምንቱ መርማሪው አስጠርቶ ክሩን አጫወተው። «ጎበዝ፣ ተነሳ!» ይላል ድምፄ። አገሬ አንኮበር ደቦ ሲወጣ የሚባል ነው፤ የድምፅ መሣሪያ ስሞክር ያልኩት። ከኋላው «ተነሳ… ተነሳ… ተነሳ…» ይከተላል።

«የአመፁ አውራጅ አንተ ነህ። ተቀባዮቹ እነማን ናቸው?»

«ጌታዬ፣ ሁሉም እኔው ነኝ። መሣሪያው ድምፅ ይቀዳና ትንሽ ዘግይቶ ያሰማል፤ ያንኑ መልሶ ይቀዳዋል።»

«የገደል ማሚቶ ነው በለኛ! እኔም የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ ገደል ሲመልስ አይንቀጠቀጥም። ስማ፣ ይሄኛው ጉንፋን ይዞታል። ይሄኛው አፉን በጋቢ ሸፍኗል። የመጨረሻው ሽማግሌ ነው።»

ምን ይደረግ፣ ጆሮው ግሩም ነበር! ድምፁ በተመለሰ ቁጥር ጥራቱን እየጣለ ይደበዝዛል፤ ሞተሩ ክሩን እኩል ስለማይጎትተውም ይርገበገባል። እኔም መሣሪያውን የምወደው ለዚሁ ነበር።

«ሦስት ስም ጻፍና ለፋሲካ እናትህ ቤት ግባ» ብሎ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። እስከ ነገ አስብበት አለኝ።

መሣሪያው አዲስ አበባ፣ አብረውኝ የሚሠሩ ሙዚቀኞች ቤት ነበር። አስመጥቼ ላሳይ ብል እነሱን ማስያዜ ነው። ደግሞ ሦስት ናቸው! ቁጥሩ እንኳ ልክ ገጠመ።

ተመልሼ ጎተራዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጠባቂው ውኃ ሲያቀብለኝ «እንደምን ዋልክ» አልኩት፤ እንዳያናግረኝ ታዟል መሰለኝ፣ በሩን ዘጋው። ሰው አማረኝ። እናቴም አማረችኝ። እውነቱን ልናገር፣ የአንዱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጽፌ በምራቄ አጠፋሁት።

በማግስቱ ወረቀቱን ሰጠሁት። የራሴን ስም ሦስት ጊዜ ጽፌበት ነበር። ሦስተኛው ላይ እርሳሱ ዶልዱሞ ጽሕፈቱ ደብዝዟል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስማቸው ነው፣ ጌታዬ።»

ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ያ ፋሲካ እዚያችው ጎተራ አለፈ፤ የሚቀጥለውም። እናቴ አፈር ከለበሰች በኋላ ነው የደረስኩት።

ዛሬ የልጅ ልጄ ስልክ ድምፅ ይደጋግማል። አሥረኛው እንደ መጀመሪያው ጥርት ያለ ነው። ደስ አይለኝም፤ ማንም የደከመበት አይመስልም።

ከሦስቱ ጓደኞቼ ሁለቱ ሞተዋል። የቀረው ሰርግ ላይ ሲያገኘኝ «ያኔ ጥለኸን የት ጠፋህ?» እያለ ይወቅሰኛል። መታሰሬን ነግሬው አላውቅም።

«ደብረ ብርሃን ነበርኩ» እለዋለሁ።

«ብርዱስ?»

«ይለመዳል።»