ስድሳ አንድ ዓይነት ዝምድና

በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ «እትዬ ቁጥር» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን አይደለም። ስሙ የወጣላት የሕመምተኛ ስም ስለማይያዝላት፣ የካርድ ቁጥር ግን ስለማይጠፋት ነው። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት ፊቱን አየት ታደርግና በልቧ «አምስት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ስኳር» ትላለች። ከአፏ የሚወጣው ግን «እንደምን ነዎት?» ብቻ ነው።

ድሮ ካርድ ክፍሉ ውስጥ አራት ነበሩ። ኮምፒዩተር ሲገባ አንዱ ጡረታ ወጣ፣ ሁለቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፣ እሷ ከመደርደሪያዎቹ ጋር ቀረች። ቤትም ያው ነው። አላገባችም። እናቷን ዘጠኝ ዓመት አስታማ ቀብራለች። ወንድሟ ሌላ ከተማ ትዳር ይዟል፤ ሲደውል «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ይልና፣ ድምፅዋን ሳይሰማ የራሱን አውርቶ ይዘጋል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ምሽቱ አልመሽ፣ ሌሊቱ አልነጋ ስላላት ከሥራ በኋላ የዳታቤዝ፣ የኮምፒዩተር መዝገብ አያያዝ፣ ትምህርት ገባች። ሦስት ወር ተምራ ስትጨርስ የምስክር ወረቀቱን የምታሳየው ሰው አጣችና ለሆስፒታሉ አስተዳዳሪ አሳየችው።

አስተዳዳሪው አልረሳም። አንድ ቀን ጠዋት አስጠራት።

«መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ‹የተጠሪ ዝምድና› የሚለውን ቦታ ታውቂዋለሽ አይደል?» አላት። ተጠሪ ማለት ሕመምተኛው አንድ ነገር ቢሆን የሚደወልለት ሰው ነው። «መዝጋቢዎቹ ያሻቸውን እየጻፉ ሪፖርት አልወጣ አለን። ከእንግዲህ መጻፍ የለም። ከቦታው ጎን ያለችውን ቀስት ሲጫኑ ዝርዝር ይውረድላቸው፣ ከዚያ ይምረጡ። ዝርዝሩን እስከ ዛሬ ከተጻፈው አውጪና አሳጥሪው።»

«እሺ» ብላ ወረደች። ደስ ብሏታል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አስባ እንድትሠራ የታዘዘችው የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ዝርዝሩን በቀጥታ ከሕመምተኞች መዝገብ ሠንጠረዥ ጋር አያያዘችውና ቀስቷን ተጫነች። እናት፣ እናት፣ ባል፣ እናት፣ ልጅ፣ ባል፣ ባል፣ እናት እያለ ወረደ። ብታንከባልለው ብታንከባልለው ማለቂያ የለውም። አሥራ አንድ ሺህ ሕመምተኛ ከነተጠሪው ተግተልትሎ መጣ። ለብቻዋ ሳቀች። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላለው የኮምፒዩተር ባለሙያ ደወለች።

«እትዬ፣ ኮምፒዩተሩን ‹ያለህን ሁሉ አምጣ› ብለውት ነው» አላት ልጁ። «እሱ ደግሞ ታዛዥ ነው። በሚጽፉለት ጥያቄ ላይ ‹የተደጋገመውን አንዴ ብቻ› ይበሉት። ድሮ ባዶ የተተወውንም ያስወጡት፣ አለዚያ ከላይ ተኮፍሶ ይቀመጣል።»

እንዳላት አደረገች። አሥራ አንድ ሺው ወደ ስድሳ አንድ ወረደ።

ስድሳ አንድ ዓይነት ዝምድና! መጀመሪያ ግር አላት፤ ኋላ ገባት። «እህት» አለ፣ «እኅት» አለ፣ «እሕት»ም አለ። «ጎረቤት» እና «ጐረቤት» ጎን ለጎን ቆመዋል። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒዩተር ባዕድ ነው። «ባለቤቴ» ያለ አለ፣ «ባለቤቱ» ያለ አለ፤ አንዱ መዝጋቢ ደግሞ «ባል (የተለያዩ)» ብሏል። ከእያንዳንዱ ቃል ፊት ስንት ጊዜ እንደተጻፈ አስቆጠረችና ሦስት ቀን ሙሉ እህትን ከእኅት፣ አጎትን ከአጐት ስታስታርቅ ዋለች።

መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፉት ቀሩ። «የቤት አከራይ»፣ አንድ። «የልጄ አስተማሪ»፣ አንድ። ከሥራቸው ደግሞ «ካርድ ክፍል ያለችው»፣ አንድ።

ደግማ አነበበችው። ተነሥታ በሩን ዘጋችና መዝገቡን ከፈተችው። የካርድ ቁጥር ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሁለት። ቁጥሩን ስታይ ሰውየው ትዝ አሏት፤ ቡናማ ካፖርት የሚለብሱ፣ የቀጠሮ ወረቀታቸውን አራት አጥፈው መነጽር ማኅደራቸው ውስጥ የሚከቱ ሽማግሌ። ሥራ፣ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ። ለዓይን ሕክምና ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞላቸው ሁለቱንም ቀርተዋል። የተጠሪ ስልክ በሚለው ቦታ የተጻፈው ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ነው።

በሚቀጥለው ቀን መስኮት ላይ የምትቀመጠውን መዝጋቢ ጠየቀቻት። ሁለቱ እኩዮች ናቸው።

«አስታወስኳቸው» አለች መዝጋቢዋ። «ማንም የለኝም ሲሉኝ ‹ኧረ አባቴ፣ ባዶ አያሳልፍም› አልኳቸው። ዘወር ብለው ወደ በርሽ አዩና ‹ካርድ ክፍል ያለችውን ጻፊ› አሉኝ። ጻፍኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ዘመድ ተገላገልሽ ልበልሽ?»

እትዬ ቁጥር ሳቀች። ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አድራሻውን ይዛ ሄደች። ከድሮው የአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ መደገፊያው የተነቀነቀ። አንኳኳች። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

«ማነው?»

«ከሆስፒታል ነኝ። ከካርድ ክፍል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም። ቀጠሮ ስለቀሩ ነው።»

ሰውየው በሩን መለስ አደረጉ። ከዚያ ሰንሰለቱ ተፈታ። «ድምፅሽን አወቅሁት፤ ‹ጉልበትዎን ተሻለዎት?› የምትዪው ነሽ» አሉ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ግን ግድግዳ ተጠግቶ መሐሉ ባዶ ሆኗል፤ እንዳያደናቅፋቸው ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። የአውቶቡሱን ቁጥር ማየት ሲያቅታቸው መምጣት ተዉ። ሰው መጠየቅ ደግሞ አፈሩ። «ዕድሜ ልኬን በአጉሊ መነጽር የፀጉር ያህል የቀጠነ የሰዓት ጥርስ ስቆጥር ኖሬ፣ ይሄ ስንት ቁጥር ነው ብዬ ልጠይቅ?» አሉ።

የመጣችበትን ነገር አንጠልጥላ ቆየችና ጠየቀች። «እኔን ተጠሪ አርገው ያስጻፉኝ ለምንድን ነው?»

«ባዶ አያሳልፍም አሉኝ።»

እንዲህ ብቻ። ሌላ ነገር ጠብቃ እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። መሬት መሬቱን አየች።

«ስሜንስ ያውቁታል?»

«የት አውቄ!»

«እኔም የእርስዎን በዚህ ሳምንት ነው ያነበብኩት። በቁጥር ነበር የማውቅዎት።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ እሷም ሳቃቸው ተጋባባት።

በሁለተኛው ሳምንት ክንዳቸውን ይዛ ለቀዶ ሕክምና አመጣቻቸው። እሳቸው ገቡ፣ እሷ አስታማሚ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ኮሪደር ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሳለች፤ ተቀምጣበት አታውቅም። ከታች ሲያዩት ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ሰዓቱም አይሄድም። ነርሷ ብቅ ብላ «የሰዓት ሠሪው ቤተሰብ!» ብላ ተጣራች። እትዬ ቁጥር እንደ ሌላው ሰው ዘወር ብላ ማን እንደሚነሣ አየች። «ቤተሰብ የለም እንዴ?» አለች ነርሷ። ያን ጊዜ ነው ደንግጣ የተነሣችው፤ ቦርሳዋ ከጭኗ ወድቆ ቁልፉ፣ መሐረቡ ተበተነ።

ፋሻው ሲነሣ አጠገባቸው ነበረች። ሽማግሌው አይተው አይተው፣ «ከድምፅሽ ልጅ መስለሽኝ ነበር» አሏት።

«ቅር አለዎት?»

«ኧረ የምን ቅር! እኔም ሽማግሌ መሆኔን ገና ዛሬ መስታወት ነገረኝ።»

ዝርዝሩን በዚያው ሳምንት አስረከበች። አስተዳዳሪው አሥራ ሁለት ዝምድና አጸደቀና አንድ አንድ ጊዜ የተጻፉት በሙሉ «ሌላ» በሚለው እንዲጠቃለሉ አዘዘ። ሦስቱንም በእጇ ለወጠች። የሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሁለቱን የለወጠችው መጨረሻ ላይ ነው። ቀስቷን ተጫነች፣ ዝርዝሩ ወረደ፣ «ሌላ»ን መረጠች፣ አስቀመጠች። ሥራ ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድ ጀመር። የዓይን ጠብታ ታደርግላቸዋለች፣ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ ስለ ደንበኞቻቸው ያወሯታል፤ ሚስቱን ለማምለጥ ደህናውን ሰዓት «ተበላሸ» እያለ በየሳምንቱ ይመጣ ስለነበረው ዳኛ ሲነግሯት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዓይናቸው እየጠራ ሲሄድ ጋዜጣውን ራሳቸው ማንበብ ቻሉ። አውቶቡሱንም ለይተው ተሳፈሩ። አንድ ቅዳሜ ብታንኳኳ የሉም፤ ሰዓት ሥራ ያስተማሩት አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ሱቅ ሄደው ሰዓት ፈትተው ሲገጥሙ ውለዋል። ደስ አላት፤ ደረጃውን ስትወርድ ግን እግሯ ከብዷታል። ባዳነቻቸው ቀን እሳቸውን ማጣት እንደጀመረች ማንም አልነገራትም።

በዓመቱ ያ ተማሪያቸው ሌላ ከተማ ሰፊ ሱቅ ከፈተና «መጥተው ሱቁ ውስጥ የሚሠሩትን ልጆች ያስተምሩልኝ፣ ቤትም አለ» አላቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው በአንድ ሻንጣ ሄዱ። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው።

«ትደውያለሽ አይደል?» አሉ በመስኮት።

«እርስዎ ይደውሉ እንጂ፤ ሥራ የያዙት እርስዎ ነዎት።»

ይደውላሉ። አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ ወር ያልፋል። ደኅንነቷን ይጠይቃሉ፣ ጉልበታቸውን ትጠይቃለች፣ ከኋላ ሰው ይጠራቸውና ይዘጋል። አንድ ቀን በድሮ ቤታቸው በኩል ስታልፍ ቀና ብላ ሦስተኛውን ፎቅ አየች። መስኮቱ ተከፍቷል፣ የሕፃን ልብስ ሊደርቅ ተሰጥቷል፣ አንዲት ሴት ወደ ውስጥ ትጮሃለች። እትዬ ቁጥር ትንሽ ቆመች። አውቶቡሷ ሲመጣ ተሳፈረችና ወደ ቤቷ ሄደች።