ስቱኮ የተሞላው የሰይድ ብስክሌት

"ወላሂ ጋሼ፣ ጭረት እንኳን የለውም!" አለኝ ሰይድ ዛሬ፣ የውድድር ብስክሌቱን ኮምቦልቻ የምሠራበት ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ።

ጭረትማ ከየት ይመጣል? ከደሴ ሲወርድ ወድቆ፣ ፒያሳ ካለ ጋራዥ ወስዶ እንደ አይሱዙ ስቱኮ አስሞልቶ ቀለም አስረጭቶታል። ብረት ሳይሆን በሙጫ የተደራረበ ካርቦን ፋይበር መሆኑን ማን ጠይቆት!

የብረት ብየዳ የምንመረምርበትን አልትራሳውንድ አወጣሁ። ጄል ካለቀብን ስለቆየ ቫዝሊን ቀባሁለት። (ባለቤቴ አርግዛ ሳለች እንኳን እንዲህ አልተንከባከብኳትም።)

በደህናው ጎን መሣሪያው የሚልከው ድምፅ እስከ ቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ደርሶ ይመለሳል። በወደቀበት ጎን ግማሽ መንገድ እንኳን አይሄድም። ስቱኮውን ፍቄ ደገምኩት፤ ያው ነው። ንብርብሩ ውስጥ ለውስጥ ተላቅቋል።

"ሰይድ፣ በዚህ ብስክሌት ቁልቁለት አትውረድ። ሳታስበው ለሁለት ይሰበርብሃል።"

"እሁድ ውድድር አለብኝ። ሌላ ከየት ላምጣ?"

ቫዝሊኑን በጃኬቱ እጅጌ ጠርጎ "አላህ ያውቃል" አለና እዚያው በር ላይ ተፈናጦ ሄደ።

እናንተስ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ተናግራችሁ፣ ሰውየው ግን ዝም ብሎ የሄደባችሁ አላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ሲጠራ እንዴት ነው የምታነሱት?