ጭብጨባ ያመጣልኝ መሐላ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ የምናገር ግን እንዳይመስላችሁ። ባደረግኩት አፍራለሁ፤ በዚያን ቀን ትርኢት ደግሞ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ሁለቱን መለየት ቢያቅተኝ ነው እናንተን ማስቸገሬ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለች ትንሽ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አስቀድሞ ያልተጻፈ ኮሜዲ እንጫወት ነበር። ተመልካቹ ርእስ ይሰጠናል፤ ከመካከሉ አንድ ሰው መድረክ ላይ አውጥተን እዚያው አብረን እንፈጥራለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ጓደኛህ የጀመረውን እምቢ አትልም፣ ተቀብለህ ትቀጥላለህ። በዚህ ሥራ ከእኔ የሚፈጥን አልነበረም። ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ተመልካች ርእሱ ሽምግልና ይሁን አለች። የቅርብ ጓደኛዬን፣ የቡድናችንን ልጅ ዳዊትን፣ ሚስት ፈላጊ አደረግኩት። ሽማግሌው እኔ ሆንኩ። የልጅቷን አባት እንዲሆኑ ደግሞ ጋሽ ዘነበን ከፊት ወንበር እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ለምን እሳቸውን? ዳዊት የእውነት የሚወዳት ሰላም የእሳቸው ልጅ ስለሆነች ነው። በማግስቱ እሁድ የእውነት ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ለእኔ አልነገረኝም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጎቴ ስለነበሩ ከእሳቸው ሰምቻለሁ። ጋሽ ዘነበ ምንም አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፣ እኔ መረጥኳቸው፣ እኔ አወጣኋቸው።

ጋሽ ዘነበ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ልጁ ሰው በማሳቅ ነው የሚተዳደረው ስላቸው፣ በሳቅ ጎጆ እንደማይወጣ መለሱ፤ አዳራሹ ተናጋ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ዳዊት በዓይኑ ሲለምነኝ አየሁት። አይቼ ነው መሐላ የጠየቅኳቸው።

«ልደታን! ልጄን ለዚህ አጫዋች አልሰጥም» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አልሰማሁም፤ የፈጠርኩትም እኔ ነኝ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አጎቴ እንደነገሩኝ ጋሽ ዘነበ ክው ብለው ቀሩ። ልጁን እንደሚወዱት፣ ነገር ግን የሰፈራቸውን ታቦት ጠርተው በጎረቤት ፊት እንደማሉ ተናገሩ። ጨዋታ እኮ ነው ቢባሉም፣ በታቦት ስም ጨዋታ የለም ብለው በቃላቸው ጸኑ። ሰላም ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም አለች። ዳዊትም መድረክ ተወ።

ጨዋታው ወሰደኝ ልበል? ሕጉ አስገደደኝ ልበል? ማንም አላስገደደኝም። ሳቅ ፈልጌ የጓደኛዬን ትዳር ሳይጀመር አፈረስኩት። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኩትን ሰው በቅርቡ ጌጃ ሰፈር አገኘሁት። ዳዊት ከራሱ ይልቅ ለእኔ ተጨንቆ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ራስህን አትውቀስ» አለኝ። «አንተ በምን ታውቃለህ?»

እውነትህን ነው አልኩት።