የእናቴ የኮሽም ጠላ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ናሆም «እማማ፣ ዛሬ የምወስድሽ ቦታ አለ» ብሎ ከሜክሲኮ ወረድ ብሎ ወዳለ ትንሽ መጠጥ ቤት ወሰደኝ። ቢራውን አንድ ወጣት እዚያው ጓሮ ራሱ ነው የሚጠምቀው። ጣውላ ላይ የተደረደሩ ሚጢጢ ብርጭቆዎች አቀረቡልን። አንዱ ቡና ቡና ይላል፣ ሌላው ማንጎ ማንጎ ይሸታል። የመጨረሻውን ስጎነጭ ግን ግራ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ፣ አፍንጫዬ ተሸበሸበ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። እንዴት ያለ ኮምጣጣ ነው በማርያም! ናሆም ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረ በሳቅ። ጠማቂው ልጅ ለካ ከወዲያ ሆኖ ፊት ፊቴን ሲያየኝ ኖሯል፣ ደንገጥ ብሎ ወደኛ መጣ።

እኔ ግን ያን ጊዜ ሜክሲኮ አልነበርኩም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነበርኩ።

እናቴ ጥሩነሽ በደርግ ጊዜ ጠላ ትሸጥ ነበር። አጥራችን ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ያየ ሁሉ ጠላ ቤት መሆኑን አውቆ ይገባል። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና ታላቅ እህቴን አልማዝን ያሳደገችን በዚያ ጠላ ነው። ታዲያ ገብስ እንደ ልብ የማይገኝበት፣ አንድ ቁና እህል ከገጠር ለማስገባት ኬላ ላይ መከራ የሚታይበት ዘመን መጣ። ብዙዎቹ ጠላ ሻጮች ጣሳቸውን አወረዱ። እናቴ ግን እልኸኛ ናት፣ መሞከር ጀመረች። በበቆሎ ሞከረች፣ በማሽላ ሞከረች። ከዳቦ ቤት የደረቀ ዳቦ ለምና ጠመቀች፤ እሱስ እውነቱን ለመናገር የካልሲ እጣቢ ነበር የሚመስለው።

ቀማሿ እኔ ነበርኩ። ጣዕም አዋቂ ሆኜ አይደለም። ፊቴ ምስጢር አይችልም፣ ዛሬም አይችልም። «ጎሽ፣ ይጣፍጣል» ልላት አፌን ስከፍት «አንቺ ዝም በይ፣ እኔ የምጠይቀው ፊትሽን ነው» ትለኛለች። ፊቴ ከተኮማተረ ድፍድፉ ይደፋል፣ ከፈካ ለገበያ ይወጣል።

አንድ ዓመት ደግሞ የጎረቤት አጥር ላይ የሞላውን ኮሽም ለቀመችና ጠላው ውስጥ ጨመረችው። ኮሽምን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ስሙ ሲጠራ ምራቅ የሚያመጣ ፍሬ ነው። ቀመስኩት። «ፊትሽ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም» አለችና እያመነታች ጋኑን ከድና ጥጉ ጋ አስቀመጠችው። «ይደር፣ ምናልባት ይበስል ይሆናል።»

የአልማዝ ሰርግ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የሙሽራው አባት አቶ ሽፈራው ሱቅ ያላቸው፣ ኩሩ ሰው ነበሩ። ሽማግሌ የላኩት ልጃቸው አስጨንቋቸው እንጂ ወደው አልነበረም። «የጠላ ሻጭ ልጅ» ማለታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እናቴን አንድም ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፣ «ሴትዮዋ» ነው የሚሏት። እናቴ ይህን ሰምታ አልተሳደበችም። ከየት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ገብስ አግኝታ ሁለት ጋን ጥሩ ጠላ ጠመቀች። «ይምጡ ግዴለም። ሥራዬን ቀምሰው ይናቁኝ እንደሆነ አያለሁ» አለች።

ሰርጉ በጥር ነበር። አቧራው ይጨሳል፣ የዳሱ ሸራ ከላይ ይፋጃል። እንግዳው ከጠዋት ጀምሮ ዶሮውን በጠላ ማወራረድ ነው፤ ያልተጠራውም መጣ፣ የተጠራውም ዘመዱን ይዞ መጣ። ሙሽራው ከወላጆቹና ከአጀቡ ጋር ጡሩምባ እያስነፋ ሲደርስ እኔ ጓዳ ሆኜ ጋኑን አዘነበልኩ። አተላ ብቻ!

«እማዬ፣ አለቀ!»

እናቴ ሁለተኛውንም አየችው። ከዚያ ጥግ ወዳለው የኮሽም ጋን ዞረች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቅጂው» አለችኝ። «ምን ይደረግ፣ ባዶ ብርጭቆ አላቀርብላቸው። ብቻ አደራሽን፣ ያንን ፊትሽን!»

ወጉን ታውቁታላችሁ። የምትቀዳዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ በእንግዳው ፊት ትቀምሳለች። አቶ ሽፈራው ፊት ቆምኩ። መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ። ጥርሴን ነክሼ፣ እግዜርን ለምኜ ቀመስኩ። ወይ ፊቴ! ዓይኔም ተጨፈነ፣ አፍንጫዬም ሄደ፣ ትከሻዬም ወጣ።

«ምነው ልጄ፣ መርዝ ነው እንዴ?» አሉ አቶ ሽፈራው።

«ኧረ አይደለም አባባ፣ ኮሽም ነው!» አልኩ ሳላስበው።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «ገብሱ አልቆብኝ ነው። ይሄ የራሴ ሙከራ ነው፣ ለሰው ሰጥቼው አላውቅም። ካልተስማማዎት ይተዉት፣ አልቀየምም» አለች።

አቶ ሽፈራው ብርጭቆውን አዩት፣ እሷን አዩዋት። ብድግ አድርገው አንዴ ጎነጩ። ያ ኩሩ ፊት እንዴት ልንገራችሁ! ጺማቸው ተነሣ፣ አንድ ዓይናቸው ጠፋ፣ ኮፍያቸው ሳይቀር ወደ ኋላ ሸሸ። መጀመሪያ ሳቅ ያፈነዳችው የገዛ ሚስታቸው ነች።

«ምን ያስቅሻል? እንኪ ቅመሺ!» አሏት። ቀመሰች፣ እሷም ተኮማተረች። ሚዜዎቹ «ለኛም፣ ለኛም» አሉ። ብርጭቆው ከሰው ሰው ዞረ፣ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንገቷን ደፍታ እንድትቀመጥ የተመከረችው አልማዝ እንኳ ከቬሎው ስር ትንፈቀፈቅ ነበር።

አቶ ሽፈራው ግን ምላሳቸውን ያላውሱ ነበር። ከዚያ ብርጭቆውን ዘረጉልኝ። «ድገሚኝ።» ደገምኳቸው። «ይሄስ ጥጋብ ያወርዳል» አሉ። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ወደ እናቴ ዞሩ።

«እትዬ ጥሩነሽ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እኛ ቤት ለቅልቅሉ ጠላውን እርስዎ ይጥመቁልን።»

«ገብስ ካገኙልኝ ደስ ይለኛል፣ ጋሼ።»

«ገብስ ማን አለ? ኮሽሙን ነው ያልኩዎት!»

እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከደስታዋ ነው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ላይ ሳቅን።

ስለዚያ ዘመን የሚወራው ብዙው ያስለቅሳል፣ እኛም ያለቀስነውን አልቅሰናል። እናቴን ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ያ ዳስ ነው፣ መሐሉ ላይ ቀና ብላ ቆማ። ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምን ልበል።

ጠማቂው ልጅ አሁንም አጠገቤ ቆሟል። «አልወደዱትም አይደል፣ እማማ?» አለኝ።

«አልወደድኩትም ማን አለህ? ቤተሰቦችህስ ቀምሰውታል?»

አቀረቀረ። «አባቴ እዚህ ደጅ ረግጦ አያውቅም። ‹ኢንጂነር ይሆናል ስል ጠማቂ ሆነ› እያለ ለሰው ያወራል።»

ብርጭቆዬን ጨለጥኩና ሰጠሁት። «እሑድ አባትህን በግድም ቢሆን ይዘኸው ና» አልኩት። «እኔ ነኝ የምቀዳለት።»